ኮምፕሬሰር ስትገዛ ፈረሱን ሳይሆን በደቂቃ የሚሰጠውን አየር እይ

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ሳትገዛ ጠየቅክ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከገዛ በኋላ ነው፣ ያኔ ደሞ የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሰሚት አካባቢ ግቢህ ውስጥ አንድ ክፍል ላይ የእንጨት ስራ ትሰራለህ፣ ኮመዲኖ፣ የቲቪ ስታንድ፣ አልፎ አልፎ ቁምሳጥን። እስካሁን ቫርኒሽና ላከር በብሩሽ ነበር የምትቀባው፣ አሁን በስፕሬይ መርጨት ፈልገሃል፣ የአየር ምስማር መምቻም ገዝተሃል፣ ከዛ ውጪ አቧራ ማራገፍና የመኪናህን ጎማ መንፋት ነው። ሻጮቹ ሶስት አይነት ኮምፕሬሰር (አየር አምቆ የሚሰጥ ማሽን) አሳይተውሃል፣ ባለ 24 ሊትር ታንከር 1 ፈረስ (የሞተሩ ጉልበት)፣ ባለ 50 ሊትር 2 ፈረስ፣ ባለ 100 ሊትር 3 ፈረስ በቺንጋ የሚዞር። ቆጣሪህ ሲንግል ፌዝ ነው፣ ጎረቤትም ድምፅ አይወድም። የቱን ልግዛ ነው ያልከው።

መልሱን ቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳህ። ለወርክሾፑ ለብቻው የመብራት መስመር ማስዘርጋት ከቻልክ ባለ 100 ሊትሩን የቺንጋውን ውሰድ። ካልቻልክ ባለ 50ውን ውሰድና ብዙ አየር የማይበላ ስፕሬይ ጋን (መርጫ) ግዛለት። ባለ 24ቱን ግን ለመርጨት አታስበው፣ ለምስማርና ለጎማ ብቻ ነው የሚሆንህ፣ እሱ ላይ ብሩን አውጥተህ ከሶስት ወር በኋላ ሌላ ልትገዛ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ሻጭ ሁሉ የሚነግርህ ፈረሱንና የታንከሩን ሊትር ነው፣ ዋጋም የሚጠራው በዛ ነው። ስራህን የሚወስነው ግን ሁለቱም አይደሉም፣ የሚወስነው ማሽኑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር አምቆ ይሰጣል የሚለው ነው። እሱ ቁጥር ሞተሩ ጎን ባለችው ፕሌት ላይ ተፅፎ ታገኘዋለህ፣ ለምሳሌ ባለ 50ው ላይ 200 ሊትር በደቂቃ አካባቢ ይላል። ችግሩ ይሄ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ በስሌት የሚስበው አየር ነው እንጂ በአየር ጎማው (በቱቦው) በኩል የሚወጣልህ አይደለም። ከሲሊንደሩ አናት ላይ ሳይወጣ የሚቀር አየር አለ፣ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) የሚያመልጥ አለ፣ ቫልቭ ሲዘጋ የሚመለስ አለ፣ ይሄ ሁሉ ሲቀነስ በነዚህ ርካሽ ማሽኖች ላይ የሚተርፍህ ከተፃፈው 60 ፐርሰንት ገደማ ነው። ስለዚህ 200 የተባለው 120 ሆነ በለው።

ገና አላለቀም፣ አዲስ አበባ ነህ። ይሄን የሚነግርህ ሻጭ አላጋጠመኝም፣ ማኑዋሉም ላይ ብዙ ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሲነፃፀር ሶስት አራተኛው ብቻ ነው። ፒስተኑ እዛም እዚህም ያው መጠን ነው የሚስበው፣ ግን እዚህ የሚስበው አየር ስስ ነው፣ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። 120 ያልነው ወደ 90 ይወርዳል። ድሬዳዋ ብትሆን 13 ፐርሰንት አካባቢ ነበር የምታጣው፣ ደብረ ብርሃን ደሞ ወደ 30 ይጠጋል።

ሌላም አለበት። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ 8 ባር የሚለው ከውጪው አየር በላይ 8 ማለት ነው፣ ስለዚህ የውጪው ግፊት ባነሰ ቁጥር ማሽኑ አየሩን ይበልጥ ማጥበብ አለበት። ባህር ዳርቻ ላይ 8 ባር ለመድረስ አየሩን 9 እጥፍ ያህል ነው የሚያምቀው፣ አዲስ አበባ ግን 11 እጥፍ ተኩል። የሚገርመው እዚህ 6 ባር ስትሞላ የምታምቀው እጥፍ ባህር ዳርቻ 8 ባር ከሚሞላው ጋር አንድ አይነት ነው። ስለዚህ ማሽኑ የተሰራለትን የማመቅ እጥፍ 6 ባር ላይ ጨርሶታል፣ ከዛ በላይ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሞተሩም ቢሆን የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን 8 ላይ መተው ግዴታህ አይደለም፣ ለመርጨት ጋኑ ጋር የሚያስፈልግህ ከ2 እስከ 3 ባር ነው፣ ለምስማር ከ5 እስከ 6፣ ለቤት መኪና ጎማ ደሞ ከ2 ባር ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ፕሬዠር ስዊቹን (ሲሞላ ማሽኑን በራሱ የሚያጠፋውን) 7 ላይ እንዲያጠፋ አስተካክለው፣ ማሽኑ እድሜ ያገኛል።

እሺ አንተ ስንት ያስፈልግሃል? ምስማሩ ምንም አይደለም፣ ባለ 18 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር ነው) ትንሿ ምስማር በአንድ ምት ቢበዛ አንድ ሁለት ሊትር ነው፣ የትኛውም ኮምፕሬሰር ይችላታል። ጎማም እንደዛው። ወሳኙ ስፕሬይ ጋኑ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው ተራ የሚገለብጠው፣ መጀመሪያ ኮምፕሬሰር ይገዛና ከዛ የተገኘውን ጋን ይሰካበታል። መጀመሪያ ጋኑን ምረጥ። ኤችቪኤልፒ የሚባለው አይነት ቀለም ቆጣቢ ነው፣ ብናኙ ትንሽ ነው፣ ግን አየር ይበላል፣ በደቂቃ ከ250 እስከ 400 ሊትር ሊወስድ ይችላል፣ የቤት ማሽን አይችለውም። የድሮው አይነት ከ1.3 እስከ 1.4 ሚሊሜትር አፍ ያለው ከላይ የሚሞላ ጋን 180 አካባቢ ይፈልጋል በለው። ኤልቪኤልፒ የሚባለው ደሞ ከ100 እስከ 150 ይበቃዋል፣ ለላከርና ለቀጠነ ቫርኒሽ በጣም አሪፍ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ዝግ ይላል፣ ለቤት ስራ ያ ችግር አይደለም። የአየር ሳንደር (እንጨት ማለስለሻ) እገዛለሁ ካልክ ግን ተወው፣ ያለማቋረጥ ከ300 በላይ ነው የሚጠጣው፣ የኤሌክትሪክ ሳንደር ግዛ ይሻልሃል።

ታንከሩ ጋ እንምጣ። ታንከር ማለት ግቢህ ውስጥ ያለው ሮቶ ማለት ነው፣ ያስቀምጣል እንጂ አያመጣም። ባለ 50ው ላይ 8 ባር ሞልተህ እስከ 4 ባር ብትጠቀም 50 ሲባዛ በ4፣ 200 ሊትር አየር አገኘህ። ጋንህ 180 ይፈልጋል፣ ማሽንህ 90 ይሰጣል፣ በየደቂቃው 90 ይጎድልሃል፣ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ትንሽ ካለፈች በኋላ ግፊቱ ይወርዳል። የቁምሳጥን አንድ ጎን ሁለት ደቂቃ ውስጥ ታዳርሰዋለህ፣ ግን በሩን ልትቀጥል ስትል ቀለሙ መብነኑን ትቶ ጠብታ ጠብታ ይሆንና ላዩ ሸካራ ይወጣል፣ ከዛ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገህ እንደገና ነው። ያንኑ ማሽን ባለ 100 ሊትር ታንከር ብታደርግለት አራት ደቂቃ ትረጫለህ፣ ግን ለመሙላትም እጥፍ ትጠብቃለህ፣ የተጨመረ አየር የለም። ለዛ ነው ትልቅ ታንከር ላይ ትንሽ ሞተር ጭነው ሲያሳዩህ እንዳትታለል የምልህ። ባለ 3 ፈረሱ የቺንጋው ግን ፕሌቱ ላይ 400 አካባቢ ከሆነ በ60 ፐርሰንት 240፣ በከፍታው ተቀንሶ 180 ይቀርልሃል፣ ጋኑ ከሚፈልገው ጋር ተካከለ፣ እጅህን እስክታነሳ ትረጫለህ።

ይሄ ሁሉ ስሌት ነው፣ ስሌቱን ደሞ ሱቁ ውስጥ ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሻጩ ሰክቶ እንዲያስነሳልህ ጠይቀው፣ የማያስነሳ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂድ፣ እዚህ ላይ እንዳታፍር። የአየር መውጫውን ዝጋና ይሙላ፣ ጌጁ 4 ባር ሲደርስ የስልክህን ስቶፕዎች ጀምር፣ 7 ሲደርስ አቁም። 3 ባር ጨመረ ማለት ነው፣ 3 በታንከሩ ሊትር አባዛና በፈጀው ደቂቃ አካፍለው። ባለ 50 ሊትር ከሆነ 150 ሊትር፣ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 90 ይሰጣል። ባለ 100 ሊትሩ ያንኑ ሰዓት ከፈጀ 180 ነው። የዚህ ልኬት ጥሩነቱ ከፍታውን ለብቻ መቀነስ አያስፈልግህም፣ እዚሁ አዲስ አበባ የለካኸው ስለሆነ ውስጡ ገብቷል። አየሩ ትኩስ ስለሆነ ትንሽ አስበልጦ ነው የሚያሳይህ እንጂ አያሳንስም፣ ስለዚህ ከሚወጣው ቁጥር ላይ ትንሽ ቀንስ። ታንከሩም 50 ነው ሲሉህ በሜትር ለካው፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ከሆነ 50 ሊትር አካባቢ ነው፣ ከዛ በጣም ካነሰ የተለጠፈው ቁጥር ልክ አይደለም።

እዛው እያለህ ሁለት ነገር አዳምጥ። ሞልቶ ሲያጠፋ አጭር ፒስስ የሚል ድምፅ መስማት አለብህ፣ እሱ ከፒስተኑ አናት ላይ ያለውን አየር እየለቀቀ ነው፣ ሲነሳ ያለ ጭነት እንዲነሳ። ድምፁ ካልመጣ ሞተሩ በሚቀጥለው ሲነሳ ተጨንቆ ነው የሚነሳው፣ መጀመሪያ ካፓሲተሩ ቀጥሎ ሞተሩ ይሄዳል። ድምፁ ካላቆመና ዝም ብሎ የሚያፈስ ከሆነ ደሞ የማይመልሰው ቫልቭ ችግር አለበት።

የመብራት ነገር። አንድ ፈረስ 746 ዋት ነው፣ እውነተኛ 3 ፈረስ ሞተር 2.2 ኪሎዋት ስለሚያወጣ 220 ቮልት ላይ 13 ወይ 14 አምፔር ይስባል፣ 2 ፈረሱ ደሞ ከ9 እስከ 10። ይሄን ካወቅክ ፈረሱንም መፈተሽ ትችላለህ፣ ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ላይ የሚቆለፍ አምፔር መለኪያ) ያለው የኤሌክትሪክ ሰው ይዘህ ሂድ፣ 7 ባር አካባቢ እየሞላ እያለ አንዱን ሽቦ ብቻ ነጥለህ ለካ። 3 ፈረስ ተብሎ 8 አምፔር ካሳየ 220 ሲባዛ በ8 ገና 1,760 ዋት ነው፣ ምንም ሳይባክን እንኳ 3 ፈረስ አይሞላም፣ ያ ማሽን የ2 ፈረስ ዋጋ ነው የሚገባው። ጥቅልሉም ኮፐር ነው ወይስ አልሙኒየም ብለህ ጠይቅ፣ አልሙኒየሙ ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲቃጠል የማስጠምጠሚያው ዋጋ ራሱ ያስመርርሃል።

ሲነሳ ለአፍታ አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ለዛ ነው ቤት መብራቱ ጭልም የሚለው። ለ3 ፈረሱ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው 4 ካሬ ሽቦና ባለ 20 አምፔር ሲ አይነት ብሬከር አስደርግ፣ ምድር መስመሩም ይኑር። 2 ፈረሱ ጥሩ በተሰራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት 2.5 ካሬ ላይ ይሰራል። ዲቫይደር ላይ ግን በፍፁም እንዳትሰካው። ቮልት ሲወርድ የሞተሩ የማስነሻ ጉልበት በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚወርደው፣ ማታ 190 ቮልት ብቻ ሲመጣ ከጉልበቱ ሩቡ የለም፣ ላዩ ላይ ቀጭን ረጅም ዲቫይደር ስትጨምርበት ሞተሩ እየጮኸ ቆሞ ይቀራል፣ ቆሞ የቀረ ሞተር ደሞ በደቂቃ ውስጥ ነው የሚቃጠለው። ራቅ ብለህ መስራት ከፈለግክ ሽቦውን ሳይሆን የአየር ጎማውን አስረዝም። እና እኔ ብሆን ቮልት ሲወድቅበት ማታ ማታ አልረጭም፣ ጠዋት ይሻላል።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ውጪ ካሉ ዘመዶቹ ነው ማሽን የሚያስመጣው። ከአሜሪካ የሚመጣው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክልልሃል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፣ የኛ 50 ስለሆነ ሞተሩ በስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፣ አየሩም በዛው ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የቧንቧው ጥርስም ከኛ ሀገር መገጣጠሚያ ጋር አይሄድም፣ ቴፕ ብትጠቀልልበትም ያፈሳል። ከዱባይ የሚመጣው 50 ኸርዝ ነው፣ ችግር የለውም፣ ሳውዲ ግን 60 ነው፣ ፕሌቱን ሳታይ አታስጭን።

ድምፁን በተመለከተ። በቀጥታ ከሞተር ጋር የተያያዘው ባለ 50ው በደቂቃ ከ2,800 ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው፣ ሹል ጩኸት አለው፣ ጎረቤትን የሚያናድደው እሱ ነው። የቺንጋው ፒስተን 1,000 አካባቢ ስለሚዞር ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግድግዳ አልፎ ያን ያህል አይረብሽም፣ ፋሻውም ቫልቩም በዛው ልክ ይቆያል፣ ሲበላሽም ፋሻና ጓርኒሲዮኑ ይገኝለታል። ሳይለንት የሚሉት ዘይት የሌለው አይነት አለ፣ እውነትም ዝም ያለ ነው፣ አጠገቡ ቆመህ ማውራት ትችላለህ፣ አየሩም ዘይት ስለሌለበት ለቀለም ንፁህ ነው። ግን ቀለበቱ ቴፍሎን ነገር ነው፣ አቧራ አይወድም፣ የእንጨት ዱቄት ባለበት ክፍል ካስቀመጥከው ቶሎ ያልቃል። ሳይለንት ከወሰድክ ኤልቪኤልፒ ጋን ጋር ብቻ አስበው።

አሁን ውሃው። አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንከሩ ስር ይጠራቀማል፣ ክረምት ላይ ብታየው ይገርምሃል። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ከቀለሙ ጋር ሲወጣ ላከሩ ነጭ ጉም ይለብሳል ወይ ላዩ ላይ ትናንሽ አይን አይን ይሰራል። ለዚህ የውሃ ማጣሪያ ግጠም፣ ግን ማሽኑ አፍ ላይ ሳይሆን ከጥቂት ሜትር ቧንቧ ወይ ጎማ በኋላ ግድግዳ ላይ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው ውሃው የሚለየው፣ ትኩስ አየር ማጣሪያውን አልፎት ይሄዳል። ሁለተኛው ከባዱ ነው፣ ውሃው ታንከሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጪ ቀለሙ አዲስ ይመስላል ስሩ ግን ሳስቷል። ስራ ስትጨርስ በየቀኑ ከስር ያለችውን ቡሎን ፈተህ አፍስሰው።

ያገለገለ ልግዛ ካልክም የምፈራልህ ታንከሩን ነው። ሞተር ይጠመጠማል፣ ፒስተን ይቀየራል፣ 100 ሊትር በ8 ባር የታመቀ አየር የያዘ ላሜራ ግን ሲቀደድ ሰው ይገድላል። ስሩ ላይ ብየዳ ያለበት፣ ከጋዝ ሲሊንደር ወይ ከመኪና ፍሬን ታንከር የተሰራ፣ ፕሌቱ የተነሳ ከሆነ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ቀዳዳ ካወጣ በኋላ ልበይደው የሚልህን አትስማ፣ ያ ታንከር አልቋል። በውሃ ሞልቶ በግፊት የሚፈትሽልህ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ በአየር ግን ከስራው ግፊት በላይ አይፈተሽም፣ እጅግ አደገኛ ነው። አዲስ ስትገዛም ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ያለችውን ቀለበት ሳብ አድርገህ አየር እንደምትለቅ እይ፣ የማትለቅ ከሆነ ማሽኑን ሳይሆን ሱቁን ቀይር።

የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ አደራ። የቲነርና የላከር ሽታ ይቀጣጠላል፣ ፕሬዠር ስዊቹ ደሞ በየጊዜው ሲያበራና ሲያጠፋ ውስጡ ብልጭታ አለ። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ የምትረጭበት ክፍል ውስጥ አይግባ፣ ከውጪ ዝናብ የማያገኘው ጥላ ስር ይሁን፣ ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ብሎ አየር እንዲያገኝ። ጎማውን ከውስጥ 10 ሚሊሜትር አድርገው፣ ያ የተጠቀለለው ሰማያዊ ቀጭን ጎማ ለጎማ መንፊያ ነው፣ ለስፕሬይ ግፊቱን መንገድ ላይ ይጨርስብሃል። ግፊቱንም ማሽኑ ላይ ሳይሆን ጋኑ እጀታ ላይ በምትገጠም ትንሽ ጌጅ፣ አየሩን ከፍተህ እያፈሰስክ ነው የምታስተካክለው።

ገዝተህ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ዘይቱን እይ፣ አንዳንዱ ባዶውን ነው የሚመጣው። መስታወቷ መሃል ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ድረስ የኮምፕሬሰር ዘይት፣ ቪጂ 100 የሚል፣ ሙላበት፣ የመኪና ሞተር ዘይት አይደለም፣ እሱ አረፋ ይሰራል ቫልቩ ላይም ጥላሸት ይተዋል። ከዛ የአየር መውጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍተህ ያለ ግፊት ግማሽ ሰዓት አስዙረው፣ ፋሻው ቦታውን እንዲይዝ። የመጀመሪያውን ዘይት በወሩ ቀይረው፣ ብረት ብረት ይላል፣ ያ ጤነኛ ነው። የአየር ማጣሪያ ስፖንጁን በየሳምንቱ አራግፈው፣ አንተ ጋ የእንጨት ዱቄት ስላለ። የሱቁን ልኬት ስትጨርስ ደቂቃውንና የታንከሩን ሊትር ፃፍልኝ፣ ከየትኛው ጋን ጋር እንደሚሄድ አብረን እናየዋለን።